ታቦት ያልገባበት ቤት

ግንበኛው መንግሥቴ በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ፣ መቅደስ ይሆናል በተባለው ክፍል ፊት ለፊት፣ ራሱን በመዶሻ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ከበሩ እስከ ሬሳው ድረስ በሲሚንቶው ብናኝ ላይ የባዶ እግር ዱካ ነበር።

«እንዲህ የሚገባ ቄስ ነው» አለ አገሬው። ሕንፃውን አጥብቀው የተቃወሙት መምሬ ገብረ ጻድቅም በዚሁ ታሰሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን የሚታሰር አይታጣም።

ኢንስፔክተር ጥሩሐረግ ሽማግሌውን አነጋገረቻቸው።

«መምሬ፣ ሕንፃውን ለምን ጠሉት?»

«ክቡን አሮጌ ቤተ ክርስቲያናችንን ለምደን ነዋ፣ ልጄ! እዚያ ቅኔ ማኅሌቱን አልፈሽ ቅድስት ስትደርሺ ጨለማው ራሱ ዝቅ በይ ይልሻል። መቅደሱ ከመጋረጃ ኋላ ነው። ይሄኛው ገና ከበሩ ሁሉን ያሳያል። ምኑ ያስፈራሻል?»

«ገብተው ያውቃሉ?»

«በጫማዬ! ታቦት ያልገባበት ቤት አዳራሽ ነው። ሴቶቹ ግድግዳውን ሲሳለሙት እንኳ ተቆጥቻለሁ።»

የሟች ሚስት እየሩስ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረውም» አለች። «‹ይሄ መቅደስ ወደ ምሥራቅ አልዞረም፤ ሳይባረክ በፊት ፈርሶ ይሠራ ብዬ ለሕዝቡ እናገራለሁ› ይለኝ ነበር። ‹መጀመሪያ ግን ለአንድ ሰው ልንገር› ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

«ለማን?»

«ስሙን አላነሳልኝም።»

በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ጥሩሐረግ ሕንፃው ውስጥ ቆማ ጠበቀች። ብርሃኑ በመቅደሱ መስኮት ሳይሆን በጎን ግድግዳው መስኮት ገባ። ትልቁ በር ግን አስፋልቱን ፊት ለፊት ያያል። የሚመለከታቸውን ሁሉ እዚያው አስጠራች።

ረዳት ግንበኛው ዘበነ በቦቲው ገባ። መምሬ፣ እየሩስና የሰበካው ሽማግሌዎችም በጫማቸው ገቡ። የአሠሪ ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ደግሰው ብቻ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ መቃኑን ተሳልሞ ገባ።

«ዱካው የመምሬ አይደለም» አለች ጥሩሐረግ። «ይህን ቤት ቤተ ክርስቲያን ብለው ስላልተቀበሉት ጫማ አያወልቁለትም። ለዘበነ ደግሞ የሥራ ቦታው ነው። ገዳዩ ግን ታቦት ሳይገባ አምኖበታል። ለጠብ ሳይሆን ለልመና ነው የመጣው፤ እንደ ልማዱ አውልቆ ገባ። ጋሽ ደግሰው፣ በሩ ለመንገደኛ እንዲታይ መሠረቱን ማስዞር የሚችለው ኮሚቴውን የሚመራ ብቻ ነው፤ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። መንግሥቴ አስቀድሞ ሊነግር የወጣውም ለእርስዎ ነው፤ ይፍረስ ሲልዎት...»

«ለመንኩት!» አለ ደግሰው። «ስንት ደሃ ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ቤት እንዴት ይፍረስ ይባላል? እምቢ አለኝ። መዶሻውን አነሳሁ። ለእግዜር ቤት ብዬ ነው!»

«ታቦት ሳይገባ ደም አስገባህበት» አሉ መምሬ፤ መፈታታቸውም ደስ አላሰኛቸውም።

ደግሰው በካቴና ከወጣ በኋላ እየሩስ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«እንግዲህ ታፈርሱታላችሁ?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የምረቃው ቀን እኮ ተቆርጧል፣ ልጄ። ወለሉን እናጥበዋለን።»