የአለበል ቁራኛ

«በርበሬው ደርቋል?»

«ገና ፀሐይ ይፈልጋል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። አምለሰት ፈገግ አለች። ሆዷ ግን ኧረ ስንቱን ይዟል! ገበያው መሐል ፊት ለፊቷ የቆመው አለበል ነው። ራሱ አለበል! ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ መኪና እያስቆመ ሰው የሚያግተው። ባለፈው መስከረም ሹፌር ወንድሟን፣ ላቀውን፣ ከመኪናው አውርዶ ያረደው!

እሱ ማን እንደሆነች አያውቅም። የበርበሬ ደላላ ናት ብሎ ነው የሚያምነው፣ በድብቅ ሲም ካርድ የምታመጣለት ደላላ። ሦስት ወር ሙሉ ሸውዳዋለች። በምትሠራበት የደኅንነት ቢሮ ውስጥ የምስጢር ስሟ «ሚዛን» ነው።

ሲም ካርዱ ያለበትን ዘንቢል ሰጠችው። ተቀበለ። አሁን ነጠላዋን ከራሷ ላይ ታወርዳለች፣ የሥራ ጓደኛዋ ምስክር ባጃጁን ያስጠጋል፣ አለቀ። በቃ ይኼው ነው!

ግን አቧራው ዓይኗን በላት። በእጇ አሸችው።

አለበል አፍጥጦ አያት።

የበርበሬ ሰው ገበያ ላይ ዓይኑን በእጁ አይነካም። በፍጹም!

«ደላላዋ፣ እጅሽ አያቃጥልም እንዴ?»

ቢላዋ!

ጉንጯን ሰነጠቀው። እሷም ከተፈጨው በርበሬ አንድ እፍኝ ዘግና ፊቱ ላይ ረጨችው። ጮኸ! በጭፍኑ ሮጠ፣ ከፈረስ ጋሪ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። የሁለት ኪሎውን ብረት ከሚዛን ላይ አንስታ ደረሰችበት። አፉን አለችው። ሁለት ጥርሱ ረገፈ። ደገመችው። ልትሠልስ ስትል ምስክር እጇን ያዛት።

«ተይ ሚዛን! ከነነፍሱ ነው የሚፈለገው!»

ባጃጁ ውስጥ ወረወሩት።

ከቡሬ ወዲህ አንድ ባዶ መጋዘን አለ። ምስክር አለበልን ወንበር ላይ አሰረውና በኤሌክትሪክ ሽቦ ገረፈው። ጀርባው እስኪተለተል።

«ያገታችኋቸው ሁለት አስተማሪዎች የት አሉ?»

ጣቱን ሰበረው። ቋ! አምለሰት ቆማ ታያለች። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሏታል።

«ዋሻ... ብር ወንዝ... ከድልድዩ በታች!»

ከሁለት ሰዓት በኋላ ተደወለ። አስተማሪዎቹ ተገኝተዋል፣ ደህና ናቸው። አምለሰት ልትዘልል ምንም አልቀራት! ያኔ አለበል ቀና አለ።

«ውኃ።»

ምስክር ሳቀ። «ሽንቴን ልስጥህ?»

ሰንበት ትምህርት ቤት «ጠላትህ ቢራብ አብላው፣ ቢጠማ አጠጣው» ስትባል ጠላት ማለት ቦታዋን የምትቀማት ልጅ ነበረች። ቀላል ነበር ያኔ! አሁን ግን ጠላት ማለት ይኼ ነው። የላቀውን አንገት የቆረጠ። ኮዳዋን ከፈተች። አፉ ላይ አደረገችለት።

«ለዚህ ውሻ?! ላቀውን ረሳሽው እንዴ?»

«ዝም በል ምስክር። ጠምቶታል።»

ስልኩ ጮኸ። አለቃቸው ነው፣ «ዋርካ»። ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ሚዛን፣ ጥቅሉን ዝጊው። አያስፈልገንም።»

ግደይው ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ታስሯል እኮ። ተናግሯል። ፍርድ ቤት...»

«የወንድምሽ ደም አይደለም እንዴ? ይኼው፣ ስጦታሽ ነው።»

አለበል በደማ አፉ ሳቀ። «ይኼን ድምፅማ አውቀዋለሁ! የትኛው መኪና መቼ እንደሚያልፍ የሚነግረን እሱ ነው!»

አምለሰት ስልኩን ዘጋችው።

ምስክር ሽጉጡን አወጣ። ወደ አለበል አላዞረውም።

ወደ እሷ!

«ይቅርታ እህትዓለም። አንቺ አስተማሪዎቹ ከተገኙ በኋላ ምንም ሳትጠይቂ ትደፊዋለሽ ብለን ነበር የመረጥንሽ።»

ተኮሰ። ግራ እጇ መሐል ለመሐል ተበሳ። ዘለለችበት፣ ጆሮውን ነከሰች፣ ደሙ አፏን ሞላው። ሽጉጡ ወደቀ። ቀድማ አነሳችው። ጉልበቱን በጥይት አለችው!

ምስክር መሬት ላይ እየተንከባለለ ይጮሃል። የባጃጁን ቁልፍ ከኪሱ ወሰደች። በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። አለበል እጁ እንደታሰረ ያያታል። ትታው ብትሄድ ይገድሉታል። እሷም አልገደለችውም ማለት ነው። እንዴት የሚያስጎመጅ ነገር ነው!

ተመለሰች። ከወንበሩ ፈትታ እየጎተተች አወጣችው።

ባጃጁ አንድ መንደር አፋፍ ላይ ጎማው ፈነዳ። የወሩ ሚካኤል ነበር፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ ነው። አንዲት ሴት አለበልን አየችው።

«እናንት ሰዎች! አለበል! አለበል ነው!»

ድንጋይ ዘነበ። ግንባሩ ተፈነከተ። ዱላ፣ ጩኸት፣ «ድፉት! አቃጥሉት!» አምለሰት ሽጉጡን ልታነሳ አሰበችና በማን ላይ? በነዚህ ላይ? ጣለችው። የነጠላዋን ጫፍ ከአለበል እጅ ጋር ቋጠረች፣ ሌላውን ጫፍ ከደማው እጇ ጋር በጥርሷ አሰረች።

«ቁራኛ ነው! እኔ ከሳሹ ነኝ! ወንድሜን ገድሎብኛል!»

ሽማግሌዎቹ ቀጥ አሉ። ቁራኛን ያውቃሉ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ልብስ ከተቋጠሩ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ማንም አይነካቸውም። የወጣቶቹ ዱላ ግን አልቆመም። አለበልን ልትሸፍን እጇን ዘረጋች። ዱላው የተበሳው እጇ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ራሷ ሰማችው።

«በቃ!» የደብሩ ቄስ ክንፈሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው መሐል ገቡ።

«አባ፣ የእርስዎን ልጅ እኮ ነው የገደለው!» አለ ዱላ የያዘው።

«አንተ ነህ የምትነግረኝ? ሬሳውን የገነዝሁት እኔ አይደለሁም?» መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። «ሜዳ ላይ መሣሪያ ይዞ ቢመጣብኝ ሌላ ነው። ታስሮ መጣ። የታሰረ ሰው የእግዜር አደራ ነው። እንኪያስ ግደሉ! ግን ነገ ማንን ነው እግዚኦ መሐረነ የምትሉት?»

ዱላው ቀስ ብሎ ወረደ።

ከመጋዘኑ በኩል ባጃጁን ተከትሎ ነጭ መኪና ደረሰ። «ዋርካ» ሱፍ ለብሶ ወረደ።

«እስረኛው የኛ ነው። ስጡኝ።»

«እሱ ነው!» ጮኸ አለበል። «መኪኖቹን የሚጠቁመን!»

«ዋርካ» ሽጉጡን መዘዘና ወደ አለበል ተኮሰ። የአንድ ገበሬ ዱላ የእጁን አንጓ ስላገኘው ጥይቱ ሰማይ ሄደ። ተረባረቡበት። አፍንጫው ጠፍጣፋ ሆነ። ሊጨርሱት ሲሉ ባሏ ታግቶ የቀረባት ሀብትነሽ ገፍታ ገባች። የጋቢዋን ጫፍ ከአንገቱ ጋር ቋጠረችው።

«ዞር በሉ! የኔም ቁራኛ ነው! ባሌን ዳኛ ፊት ነው የምጠይቀው!»

እስከ ፍኖተ ሰላም በእግር ሄዱ። መንደሩ በሙሉ! መንገድ ላይ አለበል ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ይቅር ብለሽኝ ነው?»

«አላልኩህም። ዝም ብለህ ተራመድ።»

ዳኛው ፊት ቋጠሮው ተፈታ። ነጠላው ከእጇ ጋር በደም ተጣብቆ ነበር። እጇን ሐኪሞቹ ሊያተርፉት አልቻሉም፤ ቆረጡት። ፊቷን መንደሩ ሁሉ ስላየው «ሚዛን» የሚባል ሰው ከቢሮው መዝገብ ጠፋ።

ከወር በኋላ ወደ አዴት በሚሄድ አውቶቡስ ላይ አንዲት ባለ ዶሮ ሴትዮ አጠገቧ ተቀመጠች።

«የዚያችን ቁራኛ ልጅ ወሬ ሰምተሻል? የወንድሟን ገዳይ እኮ ነው ያዳነችው! እብድ ናት! እኔ ብሆን በጥርሴ ነበር የምዘለዝለው።»

አምለሰት የተቆረጠ እጇን ጋቢዋ ውስጥ ከተተች።

«እኔም» አለች።

«እውነትሽን ነው። ስምሽ ማነው የኔ እናት?»

«ህይወት።»

አውቶቡሱ ተነሳ።