ደረጃ የሌለው ቤት

በሩን የከፈተችው ልብስ ሰፊ በከንፈሮቿ መሃል ስፒል ነክሳ ነበር። መናገር ስላልቻለች ቅንድቧን ብቻ ከፍ አድርጋ ምን እንደፈለጉ ጠየቀቻቸው።

አናጺው ሰላምታውን ረሳው። እዚህ ከተማ ከመጣ ወዲህ ቤት ፍለጋ ያላንኳኳው በር የለም፤ እንደዚህ ያለ ፊት ግን ከአንዱም በር ጀርባ አላየም። ዓይኖቿ በሥራ የደከሙ፣ አንገቷ ላይ ሜትር ያንጠለጠለች፣ ጠይም ልጅ ነበረች።

አብሮት የመጣው ደላላ ግን ምላሱ አያርፍም። ለሚያሳየው ቤት ሁሉ «ቅርብ ነው» ስለሚል ሰፈርተኛው «ቅርብነው» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ እሱም ሲጠሩት ወዬ ይላል። አንድ ቀን አናጺውን አራተኛ ፎቅ ድረስ አስወጥቶት፣ አናጺው እናቴ ደረጃ መውጣት አትችልም ቢለው፣ «እሷ አዝላ አሳድጋህ የለ? አሁን ተራው ያንተ ነው» ብሎታል። ዛሬ ግን ደረቱን ነፍቶ፣ ክፍሏ ምድር ላይ መሆኗን፣ በሯ ከመንገድ ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ ተከራይዋም በወሩ መጨረሻ እንደምትለቅ ለፈለፈ።

ልጅቷ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ እጅጌዋ ላይ ሰካቻቸው።

«ማነው የሚለቀው?» አለች።

ደላላው ወደ አከራይዋ ቤት ዞረ። አናጺው ጫማውን አየ። ለካ ማንም አልነገራትም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

የሰው ቤት ለመቀማት የመጣ ሰው አልነበረም። የቤት ዕቃ ሠራተኞች የሚፈልግ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ቀጥሮት ከትንሽ ከተማ ነው የመጣው። ማደሪያው እዚያው የሥራ ቤቱ ውስጥ፣ በተደረደረ ጣውላ ላይ ነው፤ ጠዋት ሲነሳ ጸጉሩ ሰጋቱራ ይሞላል። ለራሱ ይህ ይበቃው ነበር። ነገር ግን እናቱ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሞቹ በየጊዜው እዚህ እየመጣች እንድትታይ አዘዋል። አሁን ያለችው አክስቱ ቤት ነው። አክስቱ በደወለች ቁጥር «ቤት አገኘህ?» ትለዋለች፤ እሱም በደወለች ቁጥር ላገኝ ነው ይላታል።

አከራይዋ ደግሞ ክፉ ሰው አልነበሩም። በዕድሜ የገፉ፣ ራስ ምታት የማይለቃቸው ሴት ናቸው። የእሳቸውን መኝታና የልጅቷን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። የስፌት መኪናው ከጠዋት እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ፣ ልጅቷ ልብስ የምትሰፋው ጭንቅላታቸው ውስጥ ይመስላቸዋል። ልቀቂ ለማለት ፊት አጥተው ነው ነገሩን በደላላ ያስጀመሩት።

አናጺው በማግስቱ ብቻውን ተመልሶ ሄደና በሩ ላይ ቆሞ፣ ክፍሉን እንደማይወስደው በተቆራረጠ ቃል ነገራት። ልጅቷ ትንሽ አየችውና ግባና ውሃ ጠጣ አለችው። አልገባም። ውሃውን ግን እደጃፉ ላይ ቆሞ ጠጣው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ በኋላ ቤት ፍለጋ ሲወጣ በዚያ መንገድ ማለፍ ለመደ። መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ እሱ ግን አቋራጭ ነው ብሎ ራሱን ያታልላል። እሷም በመስኮት ስታየው «ቤት ፈላጊው» እያለች ትጠራዋለች። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። ይህን ክፍል ካጣች ደንበኞቿን እንደምታጣ ነገረችው። ብዙዎቹ ከገበያ ሲመለሱ በበሩ የሚያልፉ እናቶች ናቸው፤ ፎቅ ይወጡልኛል ብላ አትጠብቅም። ሥራው ከቆመ ደግሞ ወደ ታላቅ ወንድሟ ቤት መመለስ ሊኖርባት ነው። እዚያ ቤት ሳለች፣ ጎርሳ ቀና ባለች ቁጥር የወንድሟ ሚስት ዓይን እንደሚጠብቃት ተናገረችና ሳቀች። ሳቋ አንጀቱን በላው።

«አንተ ግን» አለችው አንድ ቀን፣ «ሰው አስወጥቶ የሚገባ ሰው አትመስልም።»

ይህን ቃል ይዞ እንቅልፍ አጣ። አከራይዋን የሚረብሻቸው የስፌት መኪናው ድምፅ መሆኑን ከደላላው ሰምቷል፤ በመጨረሻም አንድ ሐሳብ መጣለት። የመኪናው ጠረጴዛ አሮጌና እግሩ የላላ ነው። ከባድ ጠረጴዛ ሠርቶ፣ ከእግሮቹ ሥር ወፍራም ጎማ ቢያደርግለት፣ ከግድግዳውም ትንሽ ቢርቅ፣ ድምፁ ይቀንሳል። ሄዶ አከራይዋን አማከራቸው። እሳቸውም ጥቂት አስበው፣ እውነት የሚቀንስ ከሆነ ልጅቷ ትኑር አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን በሯን አንኳኩቶ ያስረዳት ነበር። እሱ ግን ሰው ፊት ሲቆም ቃል የሚጠፋበት ሰው ነው፤ ሠርቶ ቢያመጣላት ጠረጴዛው ራሱ የሚናገርለት መሰለው። እሷ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ በወጣችበት ሰዓት አከራይዋ በራሳቸው ቁልፍ ከፈቱለት። መኪናውን ለካ። በበሩ እንዲገባም የበሩን ስፋት ለካ። ከዚያ ጠረጴዛው የሚያርፍበትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረ።

ቀና ሲል ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማለች። እሱን አየች፣ ሜትሩን አየች፣ የጠመኔውን መስመር አየች።

«አልጋህ እዚህ ጋ ነው የሚሆነው?» አለችው ቀስ ብላ።

ምላሱ ተሳሰረ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ያንን አንድ ቃል ግን አላገኘውም።

«እስክወጣ እንኳን አልጠበቅህም... እኔ ሞኟ ደግሞ ውሃ አጠጣሁህ።»

ጎንበስ ብሎ በአጠገቧ አለፈና ወጣ።

ጠረጴዛውን ከሥራ ሰዓት ውጪ ሠራው። ጠርዙን ጨርቅ እንዳይዝ አድርጎ አለሰለሰው። ተሸክሞት ሲደርስ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ክፍሉ ባዶ ነው። መስኮቱ ላይ መጋረጃ የለም። ልጅቷ ሌላ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ መውጣቷን አከራይዋ አዝነው ነገሩት። ሊያስረዷት ቢሞክሩም ቆማ አልሰማቻቸውም። አክስቱ ደግሞ በዚያው ቀን ደውላ፣ እናቱን ይዛ መንገድ ልትጀምር መሆኑን ነገረችው። ሌላ መድረሻ አልነበረውም። ክፍሉን ተከራየ። ደላላው ዕቃ እያገዘው ገብቶ «ቤት ለእንቦሳ» ሲለው፣ አናጺው «እንቦሳ እሰሩ» ለማለት አፉ እምቢ አለው።

እናቱ ክራንች ተደግፋ ገባች። ክፍሉን ወደደችው፣ መረቀችው። ከዚያ ዓይኗ ጥግ የቆመው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። መሃሉ ለስፌት መኪና ተቆርጦ ክፍት ነው፤ ይሄ ምን የሚሉት ጎደሎ ገበታ ነው አለችው። ሊሸሽጋት ቢሞክርም እናት ናትና ሁሉንም አውጣጣችው። ሰምታ ስትጨርስ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«እኔ እግሬን ነው የታመምኩት» አለችው በመጨረሻ። «አንተ ምላስህን ነው። የእኔን ሐኪም አየልኝ። ያንተን ግን ማን ይይልህ ልጄ?»

ልጅቷ የገባችበትን ሕንፃ ከደላላው ጠይቆ፣ ጠረጴዛውን ትከሻው ላይ ጭኖ ሄደ። የሚናገረውን በየደረጃው እያጠና ወጣ፤ ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ ያጠናው ሁሉ ከትንፋሹ ጋር አለቀ። በሩን ከፈተችለት። ከስታለች። ከኋላዋ መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል።

«ደግሞ ምን ልትለካ መጣህ?»

«መኪናሽን ነበር የለካሁት» አለ። «ድምፁ እንዲቀንስ። እዚያው እንድትቀሪ።»

ጠረጴዛውን አየች። የለሰለሰውን ጠርዝ በእጇ ዳበሰችው። ጎንበስ ብላ ጎማዎቹን አየች።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርክም?»

«አፌ እምቢ አለኝ።»

«ባንተ አፍ የተነሳ እኔ ቤቴን ለቀቅሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ተመለሽ፣ እኔ ክፍሉን እለቃለሁ አላት። እናትህስ አለችው። ጠረጴዛውን እዚያው ትቶላት ወረደ።

በማግስቱ እናቱን ልትጠይቅ መጣች። ልትቆይ ያሰበችው ጥቂት ነበር፤ እስኪመሽ ተቀመጠች። እናቱ «ቤትሽን የቀማሁሽ እኔ ነኝ» ብላ እጇን ስትይዛት፣ ልጅቷ መመለስ የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጋ ተወችው። እኚህን ሴትዮ ደረጃ ላይ አስወጥታ በሰላም እንደማትተኛ ነገረችው። ቢያንስ ቀን ቀን እዚያ እየመጣች ትስፋ ብሎ አከራይዋን ለመናቸው። እሳቸው ግን አሁን ከጸጥታው ጋር ተላምደዋል፤ ጎማ ቢኖረውም መኪና ዳግም አልሰማም አሉ።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት በመርፌ የሚሰፋውን ብቻ ይዛ እየመጣች ከእናቱ ጋር ትውላለች። ሥራዋ ግን እየተመናመነ ሄደ። አንድ ቀን ወንድሟ ዕቃዋን የሚጭን መኪና እንደሚልክ ነገረቻቸው። ስትናገር ከምትሰፋው ላይ ቀና አላለችም። እናቱ ልጇን አየችው። እሱ ተነስቶ ወጣ።

ልጅቷ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«አትሂጂ» አላት።

«የት ልኑር?»

ተከተይኝ ብሏት ፊት ፊት ሄደ። ደላላው እንደ ልማዱ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። አናጺው ቤት ፈልግልኝ ሲለው ለስንት ሰው እንደሆነ ጠየቀ።

«ለሦስት ሰው» አለ አናጺው።

«አንተ፣ እናትህ...» ደላላው ጣቱን አጠፈ። «ሦስተኛው ማነው ጌታው?»

አናጺው ለደላላው አልመለሰም። ወደ እሷ ዞረ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«እሺ ካለችኝ፣ ባለቤቴ» አለ።

አሁን ቃል የጠፋት እሷ ነበረች። ደላላው እንኳን ለአንዴ አፉን ዘጋ። በመንገዱ አላፊ አግዳሚው ይገፋቸዋል፤ እነሱ አልተንቀሳቀሱም። ቆይታ ቆይታ ፊቷን ወደ ደላላው መለሰች።

«ምድር ላይ ይሁን» አለች። «ግድግዳውም ከማንም ጋር የማይጋራ።»

ያን ቀን አላገኙም። ወንድሟ የላከው መኪና ባዶውን ተመለሰ፤ ወንድሟም ተቆጥቶ ብዙ ጊዜ ስልኳን አላነሳም። ጥቂት ሰዎች ባሉበት ተጋቡ። ከስንት ልፋት በኋላ ከከተማው ዳር፣ ብቻውን የቆመ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ተገኘ። የገቡበት ዕለት ዝናብ አላባራ ብሎ ነበር። በየቦታው ባልዲና ድስት ደቅነው፣ ሦስቱም ባልራሰው አንድ ጥግ ተጠጋግተው ተቀመጡ። እናቱ መሃላቸው ሆና እንቅልፍ ወሰዳት። የእሱ እጅ በእናቱ ጀርባ ዞሮ ሄደና የሚስቱን እጅ አገኘ።