ሌንሳ ያልዘፈነችው ስንኝ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ... እኔ ግን ሶሬሳን አውቀዋለሁ። ያን ሰሞን ለማጋነን የሚሆን ጉልበት እንኳ አልነበረውም።

ማታ አይደለም የጀመረው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ጅማ መሃል ከተማ፣ በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ። ውጭ ባጃጅ ይንጫጫል። ፀሐይ ደጃፉ ላይ ተኝታለች።

የነገረኝን እንዳለ ልንገራችሁ።

ሶሬሳ ቦሳ ኪቶ በሚባለው የጅማ ሰፈር በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ሙዚቃ ያቀናብራል። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ ማይክ አቁሞ፣ የሠርግ ዘፋኞችን ይቀርጻል። የሠርግ ወቅት ሲሆን ደግሞ ስፒከሩን ይዞ ይወጣል።

አብራው የምትሠራው ሌንሳ የምትባል የሰርቦ ከተማ ልጅ ነበረች።

ፍቅረኛው ናት ይሉ ነበር። አልነበረችም። ግን ስትዘፍን የት ላይ እንደምትተነፍስ ከእሷ ቀድሞ ያውቃል። እንደዚያ ነበሩ።

ለእናቷ የሚሆን ዘፈን ጀምረው ነበር። ሁለቱን ስንኝ ቀረጹ። የመጨረሻው ቀረ።

"እሱን ከሰኮሩ ስንመለስ" አለችው።

ሰኮሩ ከተማ ሠርግ ነበራቸው። ሠርጉ ሲያልቅ ሶሬሳ ስፒከሩንና ሽቦውን መሰብሰብ ጀመረ። እሷ ቸኩላለች፤ እናቷን አሟቸው ነበር። በሰርቦ አልፎ ወደ ጅማ የሚሄድ ሚኒባስ አግኝታ ገባች። ረዳቱ በሩን ይዞ ሶሬሳን አየው።

"አንተስ? አንድ ወንበር አለ።"

"አይ... ዕቃ አለብኝ። ሂዱ።"

ሄዱ። ዝናብ ነበር። መንገድ ላይ ሚኒባሱ ከድልድይ ወደ ወንዝ ገባ።

ማንም አልወጣም።

ሶሬሳ ለቅሶው ላይ አላለቀሰም። ጥርሱን ሊነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ጉንጩን እየነካካ ስሜት እንደሚፈልግ፣ እሱም ራሱን እየነካካ ሐዘኑን ጠበቀ። ምንም የለም። ሰው "አይዞህ" ይለዋል፤ "እሺ" ይላል። ብላ ሲሉት ይበላል።

ትንሽ ቆይቶ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። አልከፋውም። ሥራ መጣ፤ አልሠራም ብሎ መለሰ። ሌላም መጣ፤ መለሰ። የተቀረጸው ሁሉ በሃርድ ዲስክ ተቀምጦ ነበር፤ ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተውና ረሳው።

እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ...

አንድ ቀን የሌንሳ እናት፣ ወይዘሮ ወርቂቱ፣ ከሰርቦ ደወሉ።

"ልጄ፣ ለእኔ የዘፈነችልኝ ነገር ነበር አሉ።"

"አዎ፣ አዴ" አለ፣ እናቴ እንደማለት። "ግን አላለቀም።"

"ጨርስልኝ አላልኩህም። እስከ ዘፈነችበት ድረስ ብቻ አሰማኝ።"

እንቢ ማለት አይችልም። በማግስቱ ዲስኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ኑሪ ሱቅ ሄደ።

ኑሪ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን የሚሸጥ ሰው ነው። ወሬ ይወዳል፤ ሰው ግን አያታልልም።

"ለምን ሥራ ነው?"

"ለሙዚቃ። እቤት።"

"እንግዲያው መልኩን ተወው፣ ራሙን እይ። የድምፅ ትራክ ሲበዛ ራም ያነሰው ይንቀራፈፍብሃል። ፕሮሰሰሩም ጠንከር ይበል። ደሞ ፋኑ፣ ማቀዝቀዣው... እዛው ክፍል ውስጥ ነው አይደል የምትቀርጸው? ፋኑ ከጮኸ ማይኩ ይወስደዋል።"

ሶሬሳ ሃርድ ዲስኩን አወጣ።

"በዚህ እንሞክራቸው።"

ኑሪ መጀመሪያ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አስነሳለት። ፋኑ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ሶሬሳ የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ የሌንሳን ዘፈን ከፈተ።

ድምጿ መጣ።

እዚህ ጋ ሊያለቅስ ይገባ ነበር... አላለቀሰም። ስንኙ አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ። መጨረሻ ላይ ሌንሳ "በቃ?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ዝም።

ልክ እንደቀረጸው።

"ይሄን አልመክርህም፣ ወላሂ" አለ ኑሪ። "ለጽሑፍ እንጂ ለሙዚቃ አይሆንህም።"

ወደ ሁለተኛው ዞሩ። ቀጭን ላፕቶፕ ነው፤ ከመጀመሪያው ይፈጥናል፤ ፋኑም ብዙ አይሰማም። ሶሬሳ ያንኑ ዘፈን ከፈተ።

ጥሩ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። አንደኛው ስንኝ... ሁለተኛው...

"በቃ?" ሳቅ።

ከዚያ... ትንፋሽ።

ሶሬሳ ስክሪኑን አየ። ድምፁን በሥዕል የሚያሳየው ማዕበል አልቋል። ዘፈኑ የደረሰበትን የሚያሳየው መስመር ግን ባዶው ቦታ ላይ መሄዱን ቀጥሏል።

ጠብ... ጠብ...

ውሃ ነው። እሱ ክፍል ውስጥ ቧንቧ የለም። ዘፈኑን የቀረጹትም በበጋ ነው።

ከውሃው ሥር ሌንሳ አፏን ዘግታ ታንጎራጉራለች። የሦስተኛውን ስንኝ ዜማ።

ያኔ ላፕቶፑ ድርቅ አለ። ድምፁም ተቆረጠ።

ኑሪ በሶሬሳ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየና ምላሱን ጠቅ አደረገ።

"ራም አነሰው። አላልኩህም?"

ሶሬሳ ማዳመጫውን አላወለቀም።

"የተሻለ አለህ?"

"አለኝ እንጂ! ትክክለኛ የሙዚቃ ማሽን ከፈለግክ..."

ሦስተኛው ጥቁር ዴስክቶፕ ነበር። ኑሪ አስነሳው። መብራቱ ባይበራ መነሳቱም አይታወቅም ነበር። ምንም ድምፅ የለውም። ሶሬሳ ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አስጠጋ... ምንም።

"ስትቀርጽበት ዝንብ ብትበር ይሰማሃል" አለ ኑሪ፣ በኩራት።

ሶሬሳ ዘፈኑን ከፈተ።

"በቃ?" ሳቅ። ትንፋሽ። ውሃ።

ከዚያም ሌንሳ ሦስተኛውን ስንኝ ዘፈነችው።

ሙሉውን። ቃሉ ሳይዛባ፣ ዜማው ሳይሰበር። ሶሬሳ በልማዱ የምትተነፍስበትን ቦታ ጠበቀ... አለፈችው። ሁለተኛውንም አለፈችው። ስንኙን ከዳር እስከ ዳር አንዴም ሳትተነፍስ ዘፈነችው።

ከኋላዋ የሚኒባስ በር ተንሸራቶ ተከፈተ።

አንድ ወንድ ከሩቅ ይጣራል። "ጅማ! ጅማ! ነማ ቶኮ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!"

ሌንሳ ዘፈኑን አቋረጠች። ሰው ጆሮ ላይ እንደምታወራ፣ በሹክሹክታ...

"ቆይ... ይመጣል። ስፒከሩን እየሰበሰበ ነው።"

"እንዴት ነው? ለእኔም አሰማኝ እስቲ!" አለ ኑሪ። ሳይጠይቅ የማዳመጫውን ሽቦ ነቅሎ በሱቁ ስፒከር ከፈተው።

"ነማ ቶኮ! ነማ ቶኮ!"

ኑሪ ዞር ብሎ ወደ ደጅ አየ።

"ምን ሆኖ ነው ይሄ ረዳት እዚህ የሚጮኸው?"

ደጅ ላይ ሚኒባስ አልነበረም። አንድ ባጃጅ ቆሟል፤ ሹፌሩ ጫማውን ያስጠርጋል።

"ሶሬሳ" አለ ስፒከሩ፣ በሴት ድምፅ። "ግባ እንጂ።"

ኑሪ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ የሶሬሳን ፊት አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው።

"አዑዙ ቢላህ... ማናት?"

"ሌንሳ።"

"የትኛዋ ሌንሳ?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያች... የወንዙ?"

"አዎ።"

"መቼ ነው ይሄን የቀረጽካት?"

"አልቀረጽኩትም።"

ኑሪ ገመዱን መዳፉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው። የሶሬሳ እጅ ጠረጴዛው ላይ ጸጥ ብሏል።

"ጥሩ ማሽን ነው" አለ ሶሬሳ። "ምንም አይጮህም።"

ኑሪ አፈጠጠበት።

ሶሬሳ ይህን ሲነግረኝ፣ የምሬን ነበር ያልኩት አለኝ። ፍርሃት ፈልጎ አጣ። በሆዱ የነበረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። ይህን ልግዛው፣ እቤት ወስጄ በሩን ልዝጋና እንደገና ልስማት...

ቀጥሎ ግን ወይዘሮ ወርቂቱ ትዝ አሉት። ማዳመጫውን አጥልቀው ያንን ውሃ ሲሰሙ ታየው።

"የመጀመሪያውን ስጠኝ።"

"አሮጌውን? ሙዚቃ አይችልም አልኩህ እኮ!"

"እሱ ዘፈኑ ሲያልቅ ያቆማል።"

ኑሪ ገባው። ምንም ሳይጨምር አሮጌውን ዴስክቶፕ ካርቶን ውስጥ ከተተለት። በር ላይ ክንዱን ያዘው።

"ስማኝ፣ ያንን ዲስክ አጥፋው። ዛሬውኑ።"

"እናቷ ሳይሰሙት?"

ኑሪ ክንዱን ለቀቀው።

ሶሬሳ እቤት ገብቶ ኮምፒውተሩን ገጠመ። ፋኑ ማጓራት ጀመረ። ዘፈኑን ከፈተ። "በቃ?" ሳቅ። ዝም። መለሰና ከፈተ። ዝም። ክፍሉ ውስጥ ከፋኑ በቀር ምንም አይሰማም።

ጥሩ ነው አለ። ምርጫዬ ልክ ነው።

ወይዘሮ ወርቂቱ ቅዳሜ ወደ እኩለ ቀን መጡ። ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከጓሯቸው የለቀሙትን አቮካዶ በፌስታል ይዘው። ክስት ብለዋል። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣቸው።

"እዚህ ነበር የምትዘፍነው?"

"እዚህ፣ አዴ። ማይኩ ጋ ቆማ።"

ማይኩን ብዙ አዩት። ከዚያ ሶሬሳ በሻሻቸው ላይ ማዳመጫውን ቀስ አድርጎ አጠለቀላቸውና ዘፈኑን ከፈተው።

መስመሩ ስክሪኑ ላይ መሄድ ጀመረ። ወይዘሮ ወርቂቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። እንባቸው ይወርዳል፤ አይጠርጉትም። ሁለተኛው ስንኝ አለቀ። ፈገግ ሲሉ አየ... "በቃ?" የምትለው ጋ ደርሰዋል ማለት ነው።

መስመሩ መጨረሻው ላይ ደረሰ።

ቆመ።

ሶሬሳ እንዲያወልቁ ጠበቃቸው።

አላወለቁም።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆዩና ደግመው ነቀነቁ፣ ሰው የሚነግራቸውን እንደሚሰሙ።

"ኤዬ..." አሉ ቀስ ብለው፣ አዎ እንደማለት። "ኤዬ፣ ሌንሳ ኮ፣ ሌንሳዬ።"

ሶሬሳ ስክሪኑን አየ። ምንም አይንቀሳቀስም።

"ብርዱስ?" አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ። "ልብስሽ ደረቀልሽ?"

ዝም ብለው አዳመጡ። ፊታቸው ተጨማደደ።

"አዴ... አልቋል እኮ። አውልቁት።"

አልሰሙትም። ሶሬሳ ተነስቶ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ። ስክሪኑ ጠቆረ። ፋኑ እያቃሰተ፣ እየቀዘቀዘ... ቆመ። ክፍሉ ጭር አለ።

እሳቸው ጣታቸውን ወደ እሱ አነሱ። ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው... እንደማለት።

ያኔ፣ ከዚያች ከዝናቧ ቀን ወዲህ ደንዝዞ የኖረው ሰውነቱ ድንገት ነቃ። እንባው መጣ፣ ላቡ መጣ፣ ሁሉም ባንዴ መጣበት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፍራሽ ተደግፎ ቆመ። ልሩጥ አለ፤ በሩ ጋ ለመድረስ ግን በእሳቸው ፊት ማለፍ አለበት።

"ምን... ምን እያለች ነው?" አለ።

ወይዘሮ ወርቂቱ ዓይናቸውን ገለጡ። ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁና ዘረጉለት።

"እንካ" አሉት፣ እናት ለልጇ እንደምትለው፣ በፍቅር። "አንተን ነው። ቶሎ በል ልጄ፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።"

ውጭ ፀሐይ ነበረች። በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ አርፋለች፤ አቮካዶው ላይ፣ ነጠላቸው ላይ...

ማዳመጫውን የያዘው እጃቸው ግን እስከ ክርናቸው ድረስ ርሶ፣ እጅጌያቸው ጭቃ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።