በኤክስ ማካፈል

«ራሱን ነው የወረወረው» ይላል ዘበኛው፤ ለፖሊሱም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም፣ ለማይሰማውም። ወሬው ሦስት ፎቅ ሲወጣ ሲወርድ አልደከመውም። የሒሳብ አስተማሪው ዛሬ ጠዋት ከክፍሉ መስኮት ሥር ሞቶ ተገኝቷል፤ ጣቶቹ በጠመኔ እንደነጡ።

«እህቴ፣ እሱስ ሞተ» አለች ሚስቱ ለመርማሪዋ። «ልጆቼ ግን ራሱን የገደለ ሰው ልጆች ሊባሉ ነው። ይኼን ብቻ አንሺልኝ።»

መርማሪዋ ቃል አልገባችም፤ ቃል የሚያበዛ ሰው አትወድም። ወደ ክፍሉ ወጣች። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ በየደረጃው ተሠርቷል። የመጨረሻዎቹ መስመሮች እንዲህ ይላሉ፦

3x² − 12x = 0
3x = 12
x = 4

«ሟች በኤክስ ያካፈለን ተማሪ ከክፍል ያስወጣ ነበር» አለ የፊዚክስ አስተማሪው። «ኤክስ ዜሮ ቢሆንስ? በዜሮ ይካፈላል እንዴ?»

«ትዋደዱ ነበር?»

«ሁለት ዓመት ተኳርፈናል። ሒሳቡን ግን አላማውም።»

በዚያ ጠዋት ፎቁ ላይ የወጡት ሦስት ናቸው፦ የፊዚክስ አስተማሪው፣ ምክትል ርዕሰ መምህሯ፣ እና ሴት ልጁን ራሱ የሚያስጠና አንድ መሐንዲስ። ልጅቷ በሒሳብ ወድቃ የዩኒቨርሲቲ ቦታዋን አጥታለች።

«በሩ ተዘግቶ ነበር» አለ መሐንዲሱ። «ሳላገኘው ተመለስኩ።»

መርማሪዋ ሁሉንም በጎን ባለው ክፍል ሰበሰበች። ሚስትየዋ ኋላ ተቀመጠች። መርማሪዋ ሰሌዳው ላይ 5x² − 20x = 0 ብላ ጻፈችና ጠመኔውን ለምክትሏ ሰጠቻት።

«እኔ የታሪክ ሰው ነኝ፤ ከመደመርና ከመቀነስ አልፌ አላውቅም» ብላ መለሰችላት።

የፊዚክስ አስተማሪው 5x ን ወደ ውጭ አወጣ፤ ሁለት መልስ አገኘ፣ ዜሮና አራት። መሐንዲሱ ባንድ ትንፋሽ ጻፈ፦ 5x = 20፣ x = 4።

«ዜሮዋስ?»

«ዜሮ ምን ታደርግልዎታለች? መልሱ አራት ነው! ለእሱም ነግሬው—»

ጠመኔውን ሰሌዳው ሥር አስቀመጠ።

«በተዘጋ በር ነው የነገሩት?» አለች መርማሪዋ። «በዚያኛው ሰሌዳ ያሉትን የመጨረሻ ሁለት መስመሮች ሟች አይጽፋቸውም። ምክትሏ አትችላቸውም። ይኼኛው በኤክስ አያካፍልም። የልጅዎን የፈተና ወረቀት አይቻለሁ፤ እሷም እንዲሁ ነው የሠራችው። ያስጠኗት እርስዎ ነዎት።»

መሐንዲሱ ወንበር ላይ ተዘረፈጠ። «ስምንት ማርክ ከለከላት። በስምንት ማርክ ወደቀች። ሠርቼ ባሳየው ሳቀብኝ... ገፋሁት እንጂ መስኮቱ ክፍት መሆኑን ልብ አላልኩም።»

ሚስትየዋ ተነሥታ ወጣች። ማንንም አላመሰገነችም፤ ማንንም አልረገመች።

መሐንዲሱን እጁን አስረው ሲያወርዱት ምክትሏ አንድ ፖስታ ይዛ ከቢሮዋ መጣች። ሟች ጠዋት በበሯ ሥር አስገብቶላት ኖሮ አሁን መክፈቷ ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበችው፦

«የዚያችን ልጅ ውጤት አርሙልኝ። ሠላሳ አራትና አሥራ ስምንት ስደምር አርባ ሁለት ብያለሁ፤ ሃምሳ ሁለት ነው። አልፋለች።»