ስሟን ያሰፈረበት ወረቀት

ዳኛቸው ፀዳልን መጀመሪያ ያናገራት ዕለት ዝም አሰኘችው። ጠዋት ጠዋት ለአዛውንቶች እየደወለች ደህንነታቸውን እንድትጠይቅ አዲስ የተቀጠረችውን ልጅ እንኳን ደህና መጣሽ ሊላት ወደ ጠረጴዛዋ ቢጠጋ፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ መዳፏን ወደ ፊቱ ዘርግታ አስቆመችው። በገዛ ቢሮው! ዴንቨር ከተማ፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ «ምርኩዝ» የተባለ የአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ከከፈተ አራት ዓመቱ ነበር፤ እስከዚያን ቀን ዝም በል ያለው ሠራተኛ አልነበረም። ምን ያድርግ፣ እንደ ተማሪ ቆሞ ጠበቃት።

ስልኩን ስትዘጋ አለቃዋ መሆኑን አወቀችና ተሸማቀቀች።

«ይቅርታ አድርግልኝ... እማማ እንቁ ናቸው። ሦስት ጊዜ ጠይቄያቸው ደህና ነኝ አሉኝ። በአራተኛው ነው እግራቸው ላይ ቁስል እንዳለ የነገሩኝ።»

«መጀመሪያውኑ ለምን አልነገሩሽም?»

«እንዴ፣ ገና በማለዳ ለደወለ ሰው ሕመማቸውን ይዘርዝሩ? ሰው እንዳይጨነቅባቸው ተመስገን ይላሉ። ያንተ እናት ምን ይላሉ?»

ሳቀ። የእሱም እናት ሐኪም ቤት ተኝተው እንኳ ደህና ነኝ የሚሉ ሰው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለ ጉዳዩ በጠረጴዛዋ በኩል ማለፍ አበዛ። ሠራተኞቹ ከሁለቱም ቀድመው ነቁባቸው። በዓመቱ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው፣ መኪናውን ፓርክ ያደረገበት ቦታ ጠፍቶት ሲንከራተቱ፣ እንድታገባው ጠየቃት። እሺ አለችው፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። ዳኛቸው በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ተደስቶ አያውቅም።

ድርጅቱም እያደገ ሄደ። ሃያ አምስት የነበሩት አዛውንቶች ስልሳ ሲደርሱ፣ የጠዋቱ ስልክ እስከ ከሰዓት አላልቅ አለ። በመስከረም ዳኛቸው መፍትሔ ያለውን ነገር ገዛ፤ በአማርኛ እየደወለ እንዴት አደሩ የሚል፣ መልሱን ሰምቶ ደህና ያደረውን በአረንጓዴ፣ የታመመውን በቀይ የሚመዘግብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ፀዳል ድምፁን ሰምታ ጨዋ ነው አለች፤ አልጠላችውም። ዳኛቸውን ግን አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ለሁለት ወር እሱም ይደውል፣ እኔም ልደውል። ከዚያ እናወዳድረው። የተቀዳውንም ቁጭ ብዬ ልስማ።»

«ታዲያ ምኑን ገዛሁት?» አላት እየሳቀ። ቀጥሎም ማለት የሌለበትን አለ። «ሥራዬን ይቀማኛል ብለሽ ነው አይደል? ፀዳልዬ፣ አንቺ እኮ ሚስቴ ልትሆኚ ነው።»

ፀዳል ትክ ብላ አየችውና ወጣች። ነገሩን ደግማ አላነሳችውም። እሱ ተስማማች ብሎ ደስ አለው፤ ንቆኛል ብላ መቀየሟን ያወቀው ብዙ ቆይቶ ነው። ከስልኩ አንስቶም የሠራተኞችን ፈረቃ ወደ ማውጣት አዛወራት።

ማሽኑ ሥራ ሊጀምር ሲል ሻጮቹ የሚሞላ ቅጽ ላኩለት። የተቀዱትን ንግግሮች በየቀኑ እየሰማ የማሽኑን ውሳኔ የሚያረጋግጠው ሰው ማነው? ይላል አንዱ ጥያቄ። ዳኛቸው ሳያመነታ የፀዳልን ስም አሰፈረ። ከማንም አብልጦ የሚያምነው እሷን ነዋ! ሰኞ እነግራታለሁ አለ፤ ሰኞ ሥራ በዛበት። ቅጂዎቹን መክፈቻ የይለፍ ቃልም ኢሜሉ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

በጥቅምት መሀል ዴንቨር በተደረገ የአነስተኛ ድርጅት መሪዎች ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በኃላፊነት እንዴት ወደ ሥራ እንዳስገባ እንዲናገር ተጋበዘ። አዲስ ከረባት አስሮ መድረክ ላይ ወጣ። የማሽኑን ውሳኔ ሁልጊዜ ሰው ያየዋል ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። ፀዳልም ከፊት ተቀምጣ አጨበጨበችለት።

ሲመለሱ መኪና ውስጥ፣ «ማነው የሚያየው?» አለችው።

«ሰው መድበናል» አላት፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን ቢነግራት ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር።

ኅዳር ላይ ማሽኑ፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር ብቻቸውን ለሚኖሩት ለእማማ እንቁ ሦስት ጠዋት በተከታታይ ደወለ። ሦስቱንም ቀን ተመስገን አሉት። አረንጓዴ ስለሆኑም ልትጎበኛቸው የነበረችው ሠራተኛ ቀይ ወደሆነ ሌላ ሰው ተላከች። ልጃቸው መሠረት እንግልውድ ባለ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ቅዳሜ ፈረቃዋን ጨርሳ ስትመጣ፣ እናቷ በትኩሳት እየነደዱ ሰው መለየት አቅቷቸው ነበር። የእግራቸው ቁስል እንደገና አመርቅዞ ደማቸውን መርዞት ኖሯል። ሰኞ አረፉ።

የድርጅቱ ጠበቃ ዳኛቸውን ማንንም እንዳያናግር አስጠነቀቀው። መሠረት ለእናቴ ለምን ሰው አልተላከላትም ብላ ስትጠይቅም፣ ጠበቃው ያንን ቅጽ ላከላት፤ ቅጂዎቹን የመስማት ኃላፊነት የፀዳል ነበር የሚለውን።

በሰልስቱ ፀዳል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ልቅሶው ስትገባ፣ መሠረት ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«እናቴ ልጄ ነበር የምትልሽ። ድምጿን ቀድተው ሰጥተውሽ፣ ስምሽ ቅጹ ላይ ሰፍሮ፣ ሦስት ቀን ሙሉ መስማት አቃተሽ? አንቺ ነሽ የገደልሻት።»

ፀዳል ምን እየተባለች እንደሆነ አልገባትም። ወንዶቹ መሀል ወደተቀመጠው ወደ ዳኛቸው ዞረች። እሱ አቀረቀረ።

ስትወጣ ተከትሏት ወጣ። «ስሜን ጻፍክ?» አለችው።

«ጠበቃው ዝም በል ብሎኛል። ትንሽ ታገሺኝ... ያልፋል። ድርጅቱ ከተዘጋ እኮ ስልሳ ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል።»

«እኔስ?»

ዳኛቸው ሰው እንዳይሰማቸው ወደ በሩ ዞሮ አየ።

ከዚያ በኋላ ሥራ አልገባችም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሴቶቹ ከአጠገቧ ፈቀቅ እንደሚሉ ሰማ። ነገ እናገራለሁ አለ፤ በማግስቱም ነገ አለ። አንዴ ጠበቃውን፣ አንዴ ስልሳውን አዛውንት ምክንያት እያደረገ አሥራ አንድ ቀን አለፈ። እውነቱን ለመናገር፣ ለራሱ ነበር የፈራው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ያንን የይለፍ ቃሉ ያለበትን ኢሜል ከፈተና የእማማ እንቁን ድምፅ አዳመጠ። በሦስተኛው ቀን ቅጂ ላይ ድምፃቸው ደክሟል። ተመስገን፣ ደህና ነኝ ካሉ በኋላ ግን ስልኩን አልዘጉትም።

«ያቺ ፀዳል የት ሄደች? ልጄ፣ እስኪ እሷ ትደውልልኝ በላት።»

ማሽኑ መልካም ቀን ተመኝቶላቸው ዘጋ።

ዳኛቸው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ ለጠበቃው ሳይነግር መሠረት ቤት ሄደና አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ ፀዳል ሳታውቅ ስሟን መጻፉን፣ መድረክ ላይ የተናገረውን፣ መኪና ውስጥ የዋሻትን። መሠረት እስከ መጨረሻው ሰማችውና ከቤቴ ውጣልኝ አለችው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምእመናኑ ፊት ቆሞ ያንኑ ደገመው። ፈቃድ ለሚሰጠው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በፊርማው ጻፈ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የምርኩዝ ፈቃድ ተነጠቀ፤ አዛውንቶቹም አውሮራ ላለ ሌላ ድርጅት ተላለፉ።

ፋይሎቹን ልትረከብ የመጣችው ፀዳል ነበረች። ያ ድርጅት ቀጥሯት ኖሯል። በጣም ከስታለች።

«መሠረት እግሬ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀችኝ» አለችው። «አዲሱ አለቃዬም ማሽኑን ይጠቀማል። ግን እኔ ሳልሰማው አረንጓዴ አይሆንም። ይሄን ጽፎ ሰጥቶኛል፣ የምሰማበትንም ጊዜ ሰጥቶኛል።»

«እኔንም የጠየቅሽኝ እሱን ነበር።»

«አዎ።»

ዳኛቸው እንደምንም ደፈረ። «ፀዳልዬ፣ የጥር ሠርጋችን ይቅር። ለከርሞም ይሁን፣ ከዚያም በኋላ ይሁን፣ እጠብቅሻለሁ።»

እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«እወድሃለሁ። ይሄን ልክድህ አልችልም። ስሜን መጻፍህንም ይቅር ብዬሃለሁ፣ አምነኸኝ ነው። ግን ሰው ፊት ገዳይ ስባል እያየህ ዝም አልክ። ያን ቀን ተነስተህ ‹እሷ አታውቅም› ብትል ኖሮ፣ ድርጅትህ ቢዘጋ፣ ባዶ እጅህን ብትቀር አገባህ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩህ እኮ፣ ዳኙ። በየቀኑ በሩን እያየሁ።»

«ፈራሁ።»

«አውቃለሁ። እኔም ፈርቼ ነበር። ብቻዬን ነው የፈራሁት።»

የእጮኝነት ቀለበቱን አውልቃ ሰጠችው። እሱም ፋይሎቹን ካርቶን ውስጥ ከተተላት፤ ሃምሳ ዘጠኝ ነበሩ። ካርቶኑን ተሸክሞ እስከ ፌርማታው ሸኛት። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ እስኪመጣ ጎን ለጎን ቆሙ። ስትገባ ካርቶኑን አቀበላት፣ ጣቶቻቸው ተነካኩ። በመስኮቱ አንድ ጊዜ አየችው፤ ሁለቱም እያለቀሱ ነበር። አውቶቡሱ ወደ አውሮራ ሄደ፣ እሱም ቢሮውን ሊያስረክብ ተመለሰ።