ከሦስተኛ ደረጃ በታች

«ዕንቁው አለሽ አይደል? ተጠቀሚበት እንጂ!» ሆሴዕ ከወንበሩ ብድግ አለ።

ሐዳሳ ከደብተሯ ቀና እንኳ አላለችም። «አይሠራም አልኩህ እኮ።»

«እንዴት አይሠራም? ደጀን እየሞተ ነው!»

ደጀን የሚኖረው በጨዋታ ውስጥ ነው። ሆሴዕ ከአምስት ወር በፊት በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ የፈጠረው ጦረኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ጎፈር ሜዳ ሰፈር፣ በእነሚክያስ ሳሎን ውስጥ አራት ሆነው ይሰበሰባሉ። ሚክያስ ታሪኩን ይመራል፤ «ከፊታችሁ ዋሻ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላቸዋል። ሦስቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይመልሱለታል። ፀደንያ ቀስተኛ ናት፤ ሆሴዕ ጦረኛ ነው፤ ሐዳሳ ደግሞ ሊቅ ናት። የጨዋታው ሕግ ያለበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የእሷን ዓይነቱን ሰው የሚጠራበት ስም ሲተረጎም «ጠንቋይ» ነው የሚሆነው። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በሆኑበት ቤት ይህን ስም ማንሳት የማይታሰብ ስለሆነ ተማክረው «ሊቅ» አሏት፤ ድግምቷንም «ቃል» አሉት። ሊቋ በቀን አራት ቃል አላት፤ ቃሎቹም እንደየኃይላቸው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባሉ በደረጃ ይከፈላሉ። ተናግራ ከጨረሰቻቸው እስከሚቀጥለው ንጋት ባዶ እጇን ናት።

ዕንቁው የሚጠቅመው ያኔ ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ አንድ የወጣ ቃል ይመልስላታል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት የሚያፈርስ ዕንቁ» ብሎ ነበር ሚክያስ የሰጣት ቀን፤ ሁሉም ስቀው ነበር።

አሁን የሚስቅ የለም። የገመድ ድልድዩ ተበጥሶ ደጀን ገደል ገብቷል። ሐዳሳ ደግሞ የፈውስ ቃሏን ቀደም ብላ ለፀደንያ ቀስተኛ አውጥታዋለች።

«ፈውስ ሦስተኛ ደረጃ ነው» አለች ደብተሯን በጣቷ እየመታች። «ዕንቁው የሚመልሰው ከሦስተኛ ደረጃ በታች ያለውን ነው። አንደኛና ሁለተኛ፣ በቃ። መጽሐፉ ነው ያለው።»

መጽሐፉን የሚክያስ ወንድም ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ነው የላከው፤ ሦስት መቶ ገጽ እንግሊዝኛ። የሚያስፈልጉትን ሕጎች ሁሉ ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብላ በአማርኛ የጻፈችው ሐዳሳ ናት። ስለዚህ ክርክር ሲነሳ የመጨረሻው ቃል የእሷ ደብተር ነው።

«እስኪ ሚክያስ ስልክ ላይ ያለውን እዪው» አለ ሆሴዕ። «እንግሊዝኛውን።»

«ደብተሬ ላይ አለ ስልህ።»

«አንድ ጊዜ ብታዪው ምን አለበት?»

ሐዳሳ ተናደደች። የክረምቱ ልፋቷ ትዝ አላት። «ለምን፣ አንተ ልታነበው ነው? ወይስ ቁጭ ብዬ ኤ ቢ ሲ ዲ ላስተምርህ?»

ፀደንያ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሚክያስም አፉን በእጁ ሸፈነ። ሆሴዕ ባለፈው ዓመት ነው ከሞርሲቶ መጥቶ እዚህ ከእህቱ ጋር መኖር የጀመረው። በመጀመሪያው ሳምንት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተነስቶ እንዲያነብ ታዝዞ አንድ ቃል ላይ ተገትሮ ቀርቶ ነበር። ያን ጊዜ የሳቁትን ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሳቸዋል።

ሆሴዕ እጁን ወደ ድልህ ጣሳው ሰደደ። ጣሳው ውስጥ ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸው የተጣጠፉ ወረቀቶች አሉ። ለመትረፍ ከአሥር በላይ ማውጣት አለበት። አራት ወጣ።

«ደጀን ሞተ» አለ ሚክያስ በዝግታ።

ሆሴዕ ሉኩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ለጨዋታው ሲል ሆሳዕና ይውል የነበረው ልጅ አሁን አርብ ከትምህርት ሲወጣ ወደ ቤተሰቦቹ ይሄድ ጀመር። ያለ ጦረኛ ጨዋታው ጨዋታ አልሆን አለ። ሊቋና ቀስተኛዋ በየሄዱበት እየተመቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ሸለቆ መውጣት አቃታቸው።

«ደበረኝ አቦ!» አለች ፀደንያ በሦስተኛው ቅዳሜ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ። «ጋሻ የሚይዝልን በሌለበት እንዴት ነው የምንጫወተው?»

«እኔን ለምን ታዪኛለሽ?» አለች ሐዳሳ።

«አላየሁሽም።»

«አይተሽኛል። እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት? ሕጉ ነው!»

ሚክያስ ስልኩን አቀበላት። «በናትሽ ያንን የዕንቁውን ነገር አንዴ እዪልኝ። ሆሴዕ ያለው ውስጤ ቀርቷል።»

በስጨት ብላ ተቀበለችው። ገጹን አገኘችው። አንቀጹ አራት መስመር ብቻ ነው። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ፊቷ ጋለ። መጽሐፉ የሚለው «ከሦስተኛ ደረጃ የማይበልጥ» ነው። እሷ የጻፈችው «ከሦስተኛ ደረጃ በታች» ነው። ሦስተኛው ራሱ ገብቷል። የፈውስ ቃል ይመለስ ነበር፤ ደጀንም ይድን ነበር።

«እሺ፣ ምን ይላል?» አለ ሚክያስ።

«ያው ነው» አለች። «እንዳልኩት ነው።» ስልኩን በግንባሩ ደፍታ መለሰችለት።

ያ ሳምንት አልገፋ አላት። በሁሉም ነገር ትናደዳለች። ታናሽ እህቷ ማስመሪያዋን ነካች ብላ አስለቀሰቻት። ዕቃ ስታጥብ እናቷ ወይዘሮ ውቢት ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ሳህኑ ምን አደረገሽ? የምትጣዪው ሰው ካለ ከሰውየው ጋር ተጣዪ» አሏት።

«ከማንም አልተጣላሁም።»

«ታዲያ ሳህኑን ተይው።»

ጨዋታ ነው፣ ትላለች ለራሷ። የወረቀት ሰው ነው የሞተው። ነገር ግን ያንን ባለች ቁጥር ደጀን ሳይሆን ወረቀቱን አጣጥፎ የወጣው ልጅ ነው የሚታያት። አንድ ቀን ደብተሯን ከፍታ «በታች» የሚለውን ለመፋቅ ሞከረች። የተጻፈው በእስክሪብቶ ስለሆነ ላጲሱ ወረቀቱን ቀደደው እንጂ ቃሉን አላጠፋውም። ደብተሩን ግድግዳ ላይ ወረወረችው።

አርብ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከትምህርት ቤት በር ባጃጅ ይዛ መናኸሪያ ደረሰች። ሆሴዕ የሞርሲቶው ሚኒባስ አጠገብ ቦርሳውን ይዞ ቆሟል።

«ሆሴዕ!»

ዞሮ አያት። ፈገግ አላለም። «ምን ፈለግሽ?»

«የዕንቁው ነገር...»

«ሞርሲቶ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!» ረዳቱ ጆሮዋ ሥር ጮኸ።

«ተሳስቼ ነበር» አለች ቶሎ ብላ። «‹ከሦስተኛ የማይበልጥ› ነው የሚለው። ፈውስ ይመለስ ነበር። ደጀን መሞት አልነበረበትም።»

ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ወይም ደስ ይለዋል። ሆሴዕ የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«አውቃለሁ አልኩሽ። መጽሐፉን ሚክያስ ድሮ በእህቴ ስልክ ልኮልኝ ነበር፤ እዚያ ላይ አነበብኩት። ከላይብረሪ መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ ያቺ አራት መስመር ሁለት ቀን ፈጀችብኝ። ግን አነበብኳት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? አንቺ አይሠራም ብለሽ፣ እኔ ይሠራል ብል ሚክያስ ማንን ያምናል?» ድምፁ ከፍ አለ። ወረፋ የያዙ ሴትዮ ዞረው አዩአቸው። «እንደገና ሙድ እንድትይዙብኝ ነው? የወረቀት ጦረኛ ሞተ ብዬ መሰለሽ የቀረሁት?»

«አልመሰለኝም።»

«አንቺስ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት» የሚለው ቃል አፏ ላይ መጣ። ቀላል ነበር። «ባለፈው ቅዳሜ» አለች። «ሚክያስ አንብቢልኝ ብሎኝ አነበብኩት። ያው ነው ብዬ ዋሸሁት።»

ሆሴዕ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያት። «ነገ ለእነሱም እንዲህ ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ?»

ፀደንያ ስትስቅ ታየቻት። ሚክያስ ከእንግዲህ በደብተሯ ላይ የጻፈችውን ሕግ ሁሉ ሲጠራጠር ታያት። ዓይኗን ከእሱ አንስታ የሚኒባሱን ጎማ አየች።

«አየሽ» አለ ሆሴዕ። ገብቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ረዳቱ በሩን ስቦ ዘጋና ሚኒባሱ ሄደ። ሐዳሳ አቧራው ውስጥ ቆማ ቀረች። ይቅርታ የሚለውን ቃል እንኳ እንዳላወጣች ያኔ ነው የገባት። በእግሯ ወደ ቤት ስትመለስ በራሷ ተናዳ ልታለቅስ ደርሳ ነበር።

ቅዳሜ ሚክያስ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ዛሬ እንደምንም ከሸለቆው እንወጣለን» አለ። ጉጉት ያለው ድምፅ ግን አልነበረም።

«ስልክህን ስጠኝ» አለች ሐዳሳ።

«ለምን?»

«ሆሴዕ ጋ ልደውል።»

ሚክያስና ፀደንያ ተያዩ። ሰጣት። የሆሴዕ ስልክ ባለቁልፍ፣ ተራ በተን ናት፤ ሞርሲቶ ላይ ኔትወርክ የምትይዘው ስትፈልግ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ አልገባም። ሁለተኛው ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተቋረጠ። ሐዳሳ ስልኩን ጨምድዳ ይዛ ትንፋሿን በኃይል አስወጣች።

«ምን ሆነሻል?» አለች ፀደንያ። «የምትነግሪው ነገር ካለ ለኛ ንገሪንና ሰኞ ለእሱ ትነግሪዋለሽ።»

ይቀላል። እሱ ሳይሰማ፣ በሁለቱ ፊት ብቻ፣ ቶሎ ብላ ተናግራ ትገላገላለች። ሰኞ ደግሞ «ነግሬያቸዋለሁ» ትለዋለች።

«አይ» አለች። «እሱ እየሰማ ነው የምናገረው።»

ሦስተኛው ጠራ። ጠራ፣ ጠራ። ሚክያስ እጁን ዘርግቶ «ተይው በቃ» ሊላት ሲል ስልኩ ተነሳ።

«ሄሎ? ሚኪ?» ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

ሐዳሳ ሁሉም እንዲሰሙ ላውድ ላይ አድርጋ ስልኩን ካርታው መሀል አስቀመጠችው።

«ሐዳሳ ነኝ» አለች። «ሚክያስና ፀደንያ አጠገቤ ናቸው። ለእነሱ የምነግራቸው ነገር አለ፤ አንተም ስማ።»

ከወዲያ በኩል ጫጫታው ቀስ በቀስ እየራቀ ሄደ፤ ሆሴዕ ከሰው መሀል እየወጣ መሆን አለበት። «የዕንቁውን ሕግ አሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ሐዳሳ ጀመረች።