ከጉሙ ውስጥ የተጠራ ቁጥር

እኔ እንኳን ለመንፈስ ለሰፈር ወሬም ጆሮ የለኝም፣ አዳማ ባጃጅ ተራ አጠገብ ተወልጄ ያደግኩ፣ ቁጥር ካላየሁ የማላምን ሴት ነኝ፣ ጓደኞቼም «ካልኩሌተሯ» ነው የሚሉኝ። ይህን ይዛችሁ ስሙኝ።

ከአራት ዓመት በፊት ከአቦምሳ በላይ ያለ ጫካ ልንለካ ወጣን። ሥራው እንዲህ ነው፣ የዛፉ ግንድ በሰው ደረት ቁመት ላይ በሜትር ይለካል፣ ቁጥሩ በሳንቲሜትር ነው፣ ከውፍረቱ ተነስተን ከመሬት በላይ ያለው እንጨትና ቅጠል ስንት ኪሎ እንደሚሆን እናሰላለን፣ አንድም ዛፍ አይቆረጥም። ሜትሩን የሚይዙት የጫካው ጠባቂ ኦቦ ገመቹ ነበሩ። እሳቸው ቁጥሩን ይጠራሉ፣ እኔ ስህተት እንዳይገባ ጮክ ብዬ ደግሜ እጽፋለሁ፣ እሳቸው «ልክ!» ይላሉ። ጫካው እያደገ ካልሆነ ተመንጥሮ ለእርሻ ይከፋፈላል ተብሎ ነበር፣ ኦቦ ገመቹ ደግሞ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እሱን ሲጠብቁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደብን። ኦቦ ገመቹ አንድ ዝግባ አቅፈው «አርባ ሁለት ነጥብ ሦስት!» አሉ። አፌን ሳልከፍት ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ «አርባ አራት ነጥብ አንድ» አለ፣ እመኑኝ፣ የሚያስፈራ እንኳን አልነበረም፣ ሥራ የሰለቸው ሰው ድምፅ ነው። ሌላ ድምፅ ደግሞ «ልክ!» ሲል መለሰለት።

«ኦቦ ገመቹ፣ እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። እኔም ሰምቻለሁ።»

«የገደል ማሚቶ ይሆናላ።»

«ማሚቶ የሰጠሽውን ይመልሳል እንጂ ጨምሮ ይሰጣል እንዴ?»

ሥራችንን ቀጠልን፣ ጥዱም ጋ፣ ወይራውም ጋ ድምፁ እኛ ካልነው ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ጠራ፣ አንድ ያረጀ ወይራ ላይ ብቻ ዝም አለ። እጄም ልማድ ሆኖበት ሁሉንም በቅጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፈ። ጨርሰን ዕቃችንን ስንሰበስብ ድምፁ እግሬ ሥር መጥቶ «ስድሳ አንድ ነጥብ አራት» አለ። ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብለው ሣሩን ገለጡት፣ ጉልበት የማትደርስ የዝግባ ችግኝ አገኙ።

«ይቺ ስድሳ እስክትሞላ እኔም አንቺም የለንም» አሉ።

«ታዲያ ማን ነው የሚለካት?»

«ማንም ይሁን፣ ቆማ ካገኛት ይበቃኛል።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ዘንድሮ ለሁለተኛው ልኬት ተመለስን፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ጉም የሚባል የለም። ኦቦ ገመቹ አሁን ምርኩዝ ይዘዋል። ያንን ዝግባ ለክተው «አርባ አራት ነጥብ አንድ!» ሲሉ የድሮውን ቅጽ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠርዙን አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጠርዙ ላይ ከጻፍኩት ጋር አንድ ሆነ፣ ያረጀውን ወይራ ደግሞ ነፋስ ጥሎታል። ችግኟ ወገቤ ደርሳለች።

ውሳኔው ገና አልወጣም። ቢሮ ስለ ድምፁ ትንፍሽ አላልኩም፣ አብዳለች ይሉኛላ፣ ልኬቱን ብቻ አስገብቼ ያችን የድሮ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌባታለሁ። ስጋት ሲይዘኝ ስድሳ አንድ ነጥብ አራትን አስባለሁ፣ ልቤ መለስ ይላል።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም። ያኔ ጉም የወረደብን ዕለት ቁልቁል ስንወርድ ከኋላችን ሣር ሲረገጥ፣ ሜትርም ሲዘረጋ ሰማሁ። ልዞር ስል ኦቦ ገመቹ ክንዴን ያዙኝ።

«አትዙሪ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሥራቸውን ይሥሩ።»